የባል ማኅተም፣ የሐር ክርና የጠቆረ ጥርስ፦ ስለ ሜይጂ ዘመን ሴቶች ለጠየቃችሁን

ስለ ጃፓን መዘመን ባለፈው እትም ካወጣነው ጽሑፍ በኋላ ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚጠይቁት ስለ ሴቶች ነው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን እንመልሳለን። ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። ሜይጂ ስንል ከ1868 እስከ 1912 ያለውን ዘመን ነው፤ ከሱ በፊት የነበረውን ኤዶ፣ ቀጥሎ እስከ 1926 ያለውን ታይሾ ብለነዋል።

ጥያቄ፦ በድሮዋ ጃፓን ባል ሚስቱን በሦስት መስመር ወረቀት ያባርር እንደነበረ፣ ዘመናዊ ሕግ ሲወጣ ግን ሴቶች ነፃ እንደወጡ ነው የምናውቀው። እውነት ነው? (አንድ የሕግ ተማሪ)

መልስ፦ ወረቀቱ እውነት ነው፤ «ነፃ ወጡ» የሚለው ግን አይደለም።

ወረቀቱን «ሚኩዳሪሃን» ይሉታል፤ ሦስት መስመር ተኩል ማለት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ልክ ስለሚጻፍ። ይዘቱ አጭርና ደረቅ ነው፦ ተለያይተናል፣ ከእንግዲህ ማንንም ብታገባ አልቃወምም። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ይህችን የመጨረሻዋን ሐረግ ነው። ወረቀቱ ለሴቲቱ የዳግም ጋብቻ ማስረጃዋ ነበር። ሳትይዘው ሌላ ያገባች ሴት ፀጉሯን ተላጭታ ወደ ወላጆቿ ትመለሳለች፤ ሳይሰጥ ሌላ ያገባ ወንድም ከሚኖርበት ቀዬ ይባረራል። ስለዚህ ወረቀቱን አጥብቀው የሚፈልጉት ብዙ ጊዜ ሴቲቱና ዘመዶቿ ነበሩ። ባል ሚስቱ ይዛ የመጣችውን ልብስ ሳትፈቅድለት መያዣ አድርጎ ከተበደረበት ደግሞ ወላጆቿ ፍቺ ለመጠየቅ በቂ ምክንያት ያገኛሉ።

ባል አልሰጥም ካለስ? ካማኩራ ውስጥ ቶኬይጂ የሚባል የሴት መነኮሳት ገዳም ነበረ። ከባሏ አምልጣ በሩ የደረሰችን ሴት ገዳሙ ይቀበልና ሁለቱንም ወገን አስጠርቶ ያደራድራል። ባል ከተስማማ ወረቀቱን ጽፎ ይሰጣል፣ ሴቲቱም ወደ ወላጆቿ ትሄዳለች። ካልተስማማ ገዳሙ ውስጥ ሁለት ዓመት ትቆያለች፤ ጊዜዋን ስትጨርስ ወረቀቱን ለመስጠት ይገደዳል። ብዙው ጉዳይ በድርድሩ ያልቅ ነበር፣ ባልም ሁለት ዓመት ሙሉ ሌላ ሳያገባ ተንጠልጥሎ ከመቆየት መስማማቱን ይመርጣል። ይህን የገዳሙን ሥልጣን የሻረው አዲሱ የሜይጂ መንግሥት ነው።

ለመንግሥቱ ፍትሐዊ እንሁንና፣ በ1873 ሚስት ራሷ ፍርድ ቤት ቀርባ ፍቺ እንድትጠይቅ ተፈቅዶላታል፤ አባቷን፣ ወንድሟን ወይም ሌላ ዘመዷን አስከትላ እስከቀረበች ድረስ። ከ25 ዓመት በኋላ የመጣው ግን ሌላ ነገር ነው። በ1890 ወጥቶ የነበረው የመጀመሪያው የፍትሐ ብሔር ሕግ «የጃፓንን ቤተሰብ ያፈርሳል» ተብሎ ብዙ ከተጮኸበት በኋላ ሥራ ላይ ሳይውል በ1892 እንዲቆይ ተደረገ፣ በምትኩ የ1898ቱ ሕግ ጸና። ይህ ሕግ ከሕዝቡ ከአሥር አንድ እጅ እንኳ የማይሞላው የሳሙራይ ወገን ይከተለው የነበረውን የቤተሰብ ሥርዓት ለገበሬውም፣ ለነጋዴውም፣ ለዓሣ አጥማጁም አንድ አድርጎ ጻፈው።

አንቀጽ 14ን ብቻ እንይ። ያገባች ሴት ገንዘብ ለመበደር ወይም ዋስ ለመሆን፣ ቤትና መሬት ለመግዛትም ሆነ ለመሸጥ፣ ለመክሰስ፣ ስጦታና ውርስ ለመቀበል ወይም ለመተው፣ ራሷን በሚያስር ሥራ ለመቀጠር የባሏ ፈቃድ ያስፈልጋታል። ሳታስፈቅድ ከተዋዋለች ባል ውሉን ሊያፈርሰው ይችላል። ውጤቱን ማሰብ አያስቸግርም፦ ነገ ሊፈርስ በሚችል ውል ገንዘቡን የሚያወጣ አበዳሪ የለምና መጀመሪያ የሚጠየቀው የባል ማኅተም ነው። ያላገባች ጎልማሳ ሴትና ባሏ የሞተባት ግን ሙሉ ችሎታ ነበራቸው። ሴትን ከሙሉ ሰውነት ያወረዳት እንግዲህ ራሱ ጋብቻው ነው።

ከዚህ በላይ ደግሞ አባወራው አለ። በቤተሰቡ መዝገብ የተጻፈ ሁሉ፣ ዕድሜው ምንም ይሁን፣ ለማግባት የአባወራውን ፈቃድ ይሻል፤ ወንድ እስከ 30፣ ሴት እስከ 25 ዓመት ድረስ የወላጅም ፈቃድ ይጨመርበታል። የአባወራነቱ ወራሽ የበኩር ወንድ ልጅ ነው፤ ከጋብቻ ውጭ ተወልዶ አባቱ የተቀበለው ወንድ ልጅ እንኳ በጋብቻ የተወለደችውን ሴት ልጅ ይቀድማታል። ወንድ ከሌለ ሴት እማወራ ትሆናለች፣ ባል ወደ ቤቷ ካስገባች ግን በመዝገቡ ሌላ ካልተገለጸ በቀር ቦታውን እሱ ይይዘዋል። በዝሙት በኩል የሚስት አንድ ጥፋት ለፍቺ ይበቃል፤ የባል የሚበቃው በሌላ ሰው ሚስት ላይ በፈጸመው ዝሙት ተከሶ ከተፈረደበት ነው።

አንድ ነገር እናስጠንቅቅ። በ1897 ከ1000 ሰው 2.87 የነበረው የፍቺ ቁጥር በ1899 ወደ 1.53 ወርዷል፤ አንዳንድ ጽሑፎች ይህን ቁጥር ይዘው ትዳር ጸና ይላሉ። የትዳር ሰላም በሁለት ዓመት እጥፍ አይሆንም። አዲሱ ሕግ ጋብቻ የሚጸናው ሲመዘገብ ነው ስላለ ብዙ አማቶች ሙሽራይቱ ለቤቱ መስማማቷን ወይም መውለዷን እስኪያዩ ድረስ ሳያስመዘግቡ ያቆዩ ነበር። እንዲህ ያለችው ሚስት ስትባረር መዝገብ ላይ የሚጻፍ ፍቺ የለም። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ላልተመዘገበች ሚስት ካሳ የሚያስገኝ ውሳኔ የሰጠው በ1915 ነው።

ጥያቄ፦ በአንድ አሮጌ ፎቶግራፍ ላይ ጥርሳቸው እንደ ከሰል የጠቆረ ጃፓናውያት አየሁ። በሽታ ነው ወይስ ጌጥ? በምን ይጠቆራል?

መልስ፦ ጌጥ ነው፤ «ኦሃጉሮ» ይባላል። በኤዶ ዘመን በተራው ሕዝብ ዘንድ ያገባች ሴት ምልክት ነበር፣ ብዙ ጊዜም ቅንድብን ከመላጨት ጋር ይሄዳል።

ሁለት ነገሮች ያስፈልጋሉ። አንደኛው የብረት ውሃ ነው፦ የዛገ ሚስማር ወይም ቁርጥራጭ ብረት በሻይ፣ በኮምጣጤና በሩዝ ጠጅ ውስጥ ተነክሮ ተከድኖ ይቀመጣል፤ ሲብላላ ቡናማ ይሆናል፣ ሽታውም ከባድ ነው። ሁለተኛው ነፍሳት በአንድ ዓይነት ዛፍ ቅጠል ላይ የሚያስከትሉት እብጠት ደርቆ ሲፈጭ የሚገኘው ዱቄት ነው፤ ታኒን ሞልቶበታል። የብረቱ ውሃ ይሞቅና በትንሽ ብሩሽ ዱቄቱንና ውሃውን እያፈራረቁ ጥርስ ላይ ይቀባሉ። ብረቱና ታኒኑ ሲገናኙ በውሃ የማይለቅ ጥቁር ይሆናሉ፤ የድሮ ጥቁር ቀለም ለጽሑፍ የሚሠራውም በዚሁ መንገድ ነው። ጥርሱ አስቀድሞ በደንብ ካልተፋቀ ቅቡ ይዥጎረጎራል፤ በየቀኑ ወይም በየጥቂት ቀኑ ካልታደሰ እየደበዘዘ ግራጫ ይሆናል፣ ይህ ደግሞ የስንፍና ምልክት ነበር። ቅቡ ጥርስን ከመበስበስ እንደሚከላከልም ታውቋል።

መንግሥት በ1870 ለመኳንንቱ ከለከለ፤ በመጋቢት 1873 እቴጌይቱ ራሳቸው ጥርሳቸውን ማጥቆርና ቅንድባቸውን መላጨት ሲተዉ የቤተ መንግሥቱ ሴቶች ተከተሏቸው። ገጠሩ ግን አልቸኮለም፣ ጥርሳቸውን ያጠቆሩ አሮጊቶች እስከ 20ኛው መቶ ዓመት ዘልቀዋል።

ጥያቄ፦ ወንዶቹ ፀጉራቸውን ሲቆረጡ ሴቶቹስ?

መልስ፦ ወንዶቹ በ1871 ቋጠሯቸውን እንዲቆረጡ ተፈቀደላቸው፣ ተበረታቱም። አንዳንድ ሴቶች አዋጁ ለእኛም ነው ብለው ሲቆረጡ የቶኪዮ አስተዳደር በ1872 ሴት ያለ በቂ ምክንያት ፀጉሯን ማሳጠር እንደማትችል ደነገገ። ቀላል የአሠራር ስልት በዘመቻ የተስፋፋው በ1885 ነው። ክርክሩም የውበት አልነበረም፦ በቅባት የሚደደረው የድሮ አሠራር ለመታጠብ አይመችም፣ ገንዘብ ይፈጃል፣ እንዳይበላሽም አንገትን ከፍ ባለ ጠባብ ትራስ ላይ አስደግፎ ማደር ይጠይቃል።

ጥያቄ፦ ጃፓንን ያበለጸጋት የሐር ፋብሪካ ነው፣ ፋብሪካውን ያቆሙትም ልጃገረዶች ናቸው ይባላል። ሥራው በትክክል ምን ነበር? ደመወዛቸውስ? (ከሁለት አንባቢዎች)

መልስ፦ በጉንማ አውራጃ ያለው የቶሚዮካ ፋብሪካ በጥቅምት 1872 ሲከፈት 300 የመተርተሪያ ገንዳ ነበረው፣ መንግሥት ያቋቋመውም ፖል ብሩና በሚባል ፈረንሳዊ መሪነት ነው። መጀመሪያ ሠራተኛ ጠፋ። ፈረንሳዮቹ ቀይ ወይን ሲጠጡ ያየ ሰው «የልጃገረድ ደም ይጠጣሉ» ብሎ አስወራ። የፋብሪካው ዳይሬክተር ኦዳካ አትሱታዳ የገዛ ልጁን ዩን አስገብቶ ወሬውን መስበር ነበረበት። ቀጥለው የመጡት ብዙዎቹ ከቀድሞ የሳሙራይ ቤት ናቸው፤ ሥራውን ተምረው ወደየአውራጃቸው ተመልሰው እንዲያስተምሩ የተላኩ ስለነበሩ በክብር ነው የተያዙት። ቶሚዮካን አይቶ ሁሉም ፋብሪካ እንዲያ ነበረ ማለት ግን ትልቅ ስሕተት ነው።

ሥራውን እንይ። የሐር ትል ራሱን የከተተበት ጎጆ መጀመሪያ በሙቀት ይደርቃል፤ ውስጥ ያለው ትል ካልሞተ የእሳት ራት ሆኖ ጎጆውን በስቶ ይወጣና ክሩ ይበጣጠሳል። ከዚያ ጎጆዎቹ ሊፈላ በተቃረበ ውሃ ይቀቀላሉ፣ ክሩን ያጣበቀው ሙጫ እንዲለሰልስ። ተርታሪዋ በትንሽ መጥረጊያ እያማሰለች የክሩን ጫፍ ታወጣለች። የአንድ ጎጆ ክር ወደ 3 ዴኒየር ገደማ ነው፤ አንድ ዴኒየር ማለት 9000 ሜትር ክር 1 ግራም ሲመዝን ነው። አሜሪካኖቹ በብዛት የሚገዙት 14 ዴኒየር ስለነበረ አምስት ያህል ጎጆ በአንድ ላይ ተይዞ በጠባብ ቀዳዳ ይሾልካል፣ ውሃው እንዲጨመቅና ክሩ እንዲከብ እርስ በርሱ ይጠማዘዛል፣ ማጠንጠኛው ላይ ይጠቀለላል።

አስቸጋሪው እዚህ ላይ ነው። ጎጆ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ክሩ ይቀጥናል፤ ካለቀ በኋላ አዲሱን ጫፍ ብትጥል ክሩ ሳስቷል፣ ቀድማ ብትጥል ወፍሯል። ውሃው ከቀዘቀዘ ክሩ አይለቅም፣ ይበጠሳል፤ ከተጋለ ሙጫው ከመጠን በላይ ይለቅና ክሩ ይሻክራል፣ ከጎጆውም የሚገኘው ሐር ይቀንሳል። አየሩ እርጥብ ስለሆነ ማጠንጠኛው ላይ የደረቀው ሙጫ ክሩን እርስ በርሱ ያጣብቀዋል፤ ለዚህ ነው ጃፓኖች ሐሩን ሌላ ሰፋ ያለ ማጠንጠኛ ላይ እንደገና የሚጠቀልሉት። ይህን ሁሉ የምትሠራው በእንፋሎትና በተቀቀለ ትል ሽታ መካከል፣ ጣቶቿ ቀኑን ሙሉ ሙቅ ውሃ ውስጥ ሆነው ቆዳቸው እየተላጠ ነው።

አሁን ደመወዙ። የሐሩ ሥራ ናጋኖ ውስጥ ወዳለው ሱዋ አካባቢ ሲዛወር ቀጣሪው የሚዋዋለው ከአባት ጋር ሆነ። አባት ቀብድ ይቀበላል፣ ማኅተሙን ያሳርፋል፤ ልጅቱ ወደ ሌላ ፋብሪካ ብትሄድ ቀብዱ ከነመቀጮው ይመለሳል። ሒሳቡ የሚዘጋው በዓመቱ መጨረሻ ነው።

መጠኑ የሚወሰነው በጣም ተንኮለኛ በሆነ ዘዴ ነው። የእያንዳንዷ ሥራ በብዛት፣ ከተሰጣት ጎጆ ባወጣችው ሐር፣ በክሩ እኩልነትና በድምቀቱ ይመዘናል፤ ውጤቷ ግን የሚነጻጸረው ከፋብሪካው ሴቶች ሁሉ አማካይ ጋር ነው። የደመወዙ ጠቅላላ ድምር አስቀድሞ የታወቀ ነው። ስለዚህ ሁሉም ሴቶች በአንድ ጊዜ ቢሻሻሉ የማንም ደመወዝ አይጨምርም፣ አማካዩ ብቻ ከፍ ይላል። ከአማካዩ በታች ከሆነችው የሚቆረጠው ከአማካዩ በላይ ለሆነችው ይሰጣል። በዓመት 100 የን የምታገኝ ሴት በመንደሯ ስሟ ይነሳል፤ የእሷ ጭማሪ ከአጠገቧ ካለችው ልጅ ኪስ መውጣቱን ማንም አያነሳም። በእኛ አስተያየት ከረጅሙ ሰዓት ይልቅ ሴቶቹን አንድ እንዳይሆኑ ያደረጋቸው ይህ ሒሳብ ነው።

ዝም ብለው ተቀምጠዋል ማለታችን ግን አይደለም። ያማናሺ አውራጃ ኮፉ ከተማ፣ በሰኔ 1886፣ ከ100 በላይ ተርታሪዎች የሥራ ሰዓት ተጨምሮ ደመወዝ ሲቀነስባቸው ሥራ ጥለው አንድ ቤተ መቅደስ ገቡ፤ ባለቤቶቹም ተደራደሩ። በጃፓን የፋብሪካ ሠራተኞች የመጀመሪያው የሥራ ማቆም አድማ የሚባለው ይህ ነው፣ ያደረጉትም ሴቶች ናቸው። ባለፋብሪካዎቹ በፊናቸው በሱዋ ማኅበር አቋቁመው ሠራተኞችን በስም መዘገቡ፤ በአንዱ ፋብሪካ ስም የተመዘገበችን ልጅ ሌላው እንዳይቀጥር ነው።

የፋብሪካ ሕግ በ1911 ወጣ፣ ሥራ ላይ የዋለው በ1916 ነው። 15 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ባላቸው ፋብሪካዎች የሴቶችንና ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ቀን በ12 ሰዓት ወሰነ። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት ሥራ ከለከለ፤ ነገር ግን ረጅም የችሮታ ጊዜ ሰጠ። የዘገየው ለሐሩ ሳይሆን ለጥጡ ተብሎ ነው፦ የጥጥ ፈትል ፋብሪካዎች ከ1880ዎቹ ጀምሮ በኤሌክትሪክ መብራት ሌሊቱንም በፈረቃ ይሠሩ ነበርና ማሽኑን ማቆም አልፈለጉም። አንዷ ከአልጋ ስትነሳ ሌላዋ በሞቀው ፍራሽ የምትተኛበት ማደሪያ የሳምባ ነቀርሳ መናኸሪያ ሆነ፣ ታማ ወደ ቤቷ የተላከችውም በሽታውን ወደ መንደሯ ይዛ ገባች። የሴቶች የሌሊት ሥራ የቀረው በ1929 ነው። ጃፓን ቻይናን አልፋ በዓለም ቀዳሚዋ ጥሬ ሐር ላኪ ከሆነች ያን ጊዜ 20 ዓመት ሆኗት ነበር።

ጥያቄ፦ የሴት ልጆችን ትምህርት በአንድ ትውልድ እንዴት አዳረሱት? (አንዲት መምህርት)

መልስ፦ በአዋጅ ብቻ አይደለም። የ1872ቱ የትምህርት ሥርዓት ለወንድም ለሴትም ግዴታ ነው አለ፤ በ1873 ግን የተመዘገቡት ሴት ልጆች 15 በመቶ ገደማ ናቸው። ምክንያቶቹ ለእርስዎ አዲስ አይሆኑም፦ ክፍያ አለ፣ ልጅቱ ታናሾቿን ወይም የሰው ልጅ አዝላ ትውላለች፣ ወላጅም የፊደሉ ጥቅም አይታየውም። ሦስት ነገሮች ረዱ። የልብስ ስፌት ትምህርት ተጨመረ፣ ወላጅ ጥቅሙን አየ። ሕፃን አዝለው ለሚመጡ ልጆች የተለየ ክፍል ተከፈተ፣ ሕፃኑ ሲያለቅስ ይዘው እንዲወጡም ተፈቀደ። በ1900 ደግሞ የአንደኛ ደረጃ ክፍያ ቀረ። በዚያ ዓመት ምዝገባው 72 በመቶ ገደማ፣ በ1910 ደግሞ 97 በመቶ ደረሰ። ምዝገባ ማለት ግን በየቀኑ መገኘት አይደለም፤ ያዘለችው ልጅ ክፍል ውስጥ ስንት ቀን እንደዋለች ቁጥሩ አይናገርም።

ከዚያ በላይ ያለው በር ጠባብ ነው። የ1899ኙ ድንጋጌ እያንዳንዱ አውራጃ ቢያንስ አንድ የሴቶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዲኖረው አዘዘ፣ ግቡም «መልካም ሚስት፣ ብልህ እናት» ነበር። ይህን መፈክር ብዙዎች የጥንት ልማድ ይመስላቸዋል። በኤዶ ዘመን የሴት መማሪያ መጻሕፍት አጥብቀው የሚሰብኩት ግን ለባልና ለአማት መታዘዝን ነው፤ ልጅን አስተምራ የምታሳድግ የተማረች እናት የሜይጂ ሐሳብ ናት፣ ከአውሮፓ በመጡ ሐሳቦችም የተቀረጸች። ሴቶቹ የወንዶቹ አቻ ከሆነው ትምህርት ቤት በአንድ ዓመት ያነሰ ይማራሉ፤ ስፌት ይበዛል፣ ሒሳብና የውጭ ቋንቋ ይቀንሳል። ለዚህ ነው ትሱዳ ኡሜኮ በ1900 የራሷን የእንግሊዝኛ ትምህርት ቤት የከፈተችው፤ በ1871 በስድስት ዓመቷ ከሌሎች አራት ልጃገረዶች ጋር ወደ አሜሪካ ተልካ፣ በ1882 ስትመለስ የገዛ ቋንቋዋን ረስታ ነበር። መንግሥት ወጪዋን ሸፍኖ ላካት፣ ስትመለስ ግን ምን እንደሚያሠራት አላሰበበትም። ለንጉሠ ነገሥታዊ ዩኒቨርሲቲ የበቁት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሴቶች በ1913 ቶሆኩ የገቡት ናቸው።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያዋ ሴት ሐኪም ማን ናት?

መልስ፦ በአዲሱ የፈቃድ ሥርዓት ኦጊኖ ጊንኮ ናት፣ በ1885። በለጋ ዕድሜዋ ተድራ ከባሏ ጨብጥ ተይዛ ተፋታች፤ በወንድ ሐኪሞች ፊት መታከሙ ያደረሰባት እፍረት ነው ወደ ሙያው የገፋት። ለፈተናው ስታመለክት «ከዚህ በፊት የተፈተነች ሴት የለችም» ተብላ ተመለሰች። በጥንታዊው የጃፓን ሕግ ሴት ሐኪሞች መጠቀሳቸው ተፈልጎ ከተገኘ በኋላ ነው በሩ የተከፈተላት። ለአዲስ ነገር የጥንት ማስረጃ ማምጣት በሜይጂ ዘመን ብዙ ጊዜ የሚሠራ ዘዴ ነበር።

ጥያቄ፦ ባለፈው እትም «ከ1946 በፊት በጃፓን የመረጠች ሴት የለችም» ብላችኋል። ስለ ኩሱኖሴ ኪታ አልሰማችሁም?

መልስ፦ ተሳስተናል፤ እናርማለን። ኩሱኖሴ ኪታ በኮቺ የምትኖር፣ ባሏ የሞተባትና በራሷ ስም ግብር የምትከፍል እማወራ ነበረች። በ1878 በአካባቢ ምርጫ እንዳትመርጥ ስትከለከል «እንግዲያውስ ግብሩንም አልከፍልም፤ ግዴታው የኔ ከሆነ መብቱም የኔ ነው» ብላ ለባለሥልጣናት ጻፈች። በ1880 በዚያው በኮቺ ካሚማቺ የተባለ አካባቢ ለእማወራዎች ድምፅ ሰጠ፤ ማዕከላዊው መንግሥት በ1884 ደንቡን ለውጦ ነጠቃቸው።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ወደ ኋላ ነው። ኪሺዳ ቶሺኮ በ1882 በኦሳካ ለሕዝብ ስለ ሴቶች መብት ስትናገር የከለከላት ሕግ አልነበረም፤ ከዓመት በኋላ በኦትሱ ያደረገችው ንግግር ግን አሳሰራት። በ1890 ሴቶች የፖለቲካ ስብሰባ ላይ መገኘትም፣ ማኅበር መግባትም ተከለከሉ፤ በ1900 ክልከላው በፖሊስ ሕግ አንቀጽ 5 ተደገመ። በ1889 የወጣው የንጉሣዊ ቤተሰብ ሕግም ዙፋኑን ለወንድ ብቻ አደረገ፤ ከዚያ በፊት ግን ስምንት ሴቶች ነግሠዋል፣ የመጨረሻዋ ጎ-ሳኩራማቺ እስከ 1771 ድረስ። የሴቶች መብት ታጋዮቹ እነ ሂራትሱካ ራይቾና ኢቺካዋ ፉሳኤ ባደረጉት ዘመቻ ስብሰባ ላይ መገኘት በ1922 ተፈቀደ፤ ፓርቲ መግባት አልተፈቀደም። ለሴቶች ድምፅ እንዲሰጥ የምርጫ ሕጉ የተለወጠው በታኅሣሥ 1945 ነው። በሚያዝያ 10 ቀን 1946 ሴቶች በአገር አቀፍ ምርጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ሲሰጡ 39 ሴቶች ተመረጡ።

ጥያቄ፦ በዝሙት አዳሪነት የተሸጡ ልጃገረዶች በ1872 ነፃ ወጥተዋል ይባላል። ታዲያ ቤቶቹ እንዴት እስከ 1950ዎቹ ቆዩ?

መልስ፦ አዋጁ የወጣው ከእፍረት ነው። ቻይናውያን የጉልበት ሠራተኞችን ጭኖ ዮኮሃማ የቆመ ማሪያ ሉዝ የሚባል የፔሩ መርከብ ተይዞ ጃፓን ሰዎቹን ነፃ ስታወጣ፣ የካፒቴኑ ጠበቃ «እናንተስ ሴት ልጅ በውል ትሸጡ የለም ወይ» ብሎ ተከራከረ። መንግሥት በዚያው ዓመት በጥቅምት ሴቶቹን ለቀቀ። ብዙም ሳይቆይ ቤቶቹ «ክፍል አከራይ» ተብለው፣ ሴቶቹም «በፈቃዳቸው የተከራዩ» ተብለው ሥራው ቀጠለ። በ1900 አንዲት ሴት ፖሊስ ጣቢያ ቀርባ ስሟን ካሰረዘች መውጣት እንደምትችል ተደነገገ። ዕዳው ግን አልተሰረዘም፤ አባቷ የተቀበለው ገንዘብ በብድር ሕግ ይጠየቃል። ማን ነው በዚህ መሐል የሚወጣ?

ጥያቄ፦ «አዲሷ ሴት» የሚባሉት እነማን ናቸው? እርስ በርስ የተጨቃጨቁበት ጉዳይስ? (አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)

መልስ፦ ስያሜው በይበልጥ የተለጠፈው በመስከረም 1911 «ሴይቶ» የተባለውን በሴቶች የተዘጋጀ መጽሔት ባቋቋሙት በሂራትሱካ ራይቾና በጓደኞቿ ላይ ነው። የመነሻውን ገንዘብ የሰጠችው የራይቾ እናት ናት፤ ለልጇ ሠርግ ካስቀመጠችው ላይ አንሥታ። ጋዜጦች ስለ ጽሑፎቹ ሳይሆን ስለ ጠጡት መጠጥና ስለ ሄዱበት ሰፈር ብዙ ጻፉ። መጽሔቱ በ1916 ቆመ።

ጭቅጭቁ የጋለው ከ1918 ጀምሮ ነው። ባለቅኔዋ ዮሳኖ አኪኮ ብዙ ልጆች የወለደችና በብዕሯ ቤት የምታስተዳድር ናትና፣ ሴት ከባልም ከመንግሥትም ሳትጠብቅ በራሷ ገቢ ትቁም አለች፤ ራሷን ማስተዳደር እስክትችል ድረስም አትውለድ። ራይቾ ልጅ ማሳደግ ለአገር የሚሠራ ሥራ ነው፣ መንግሥት ይክፈልበት ብላ መለሰች። ያማካዋ ኪኩኤ ሁለታችሁም ከፊል እውነት ይዛችኋል፣ ነገር ግን የኢኮኖሚው ሥርዓት ካልተለወጠ የእናንተ መፍትሔ የትም አያደርስም ስትል በመካከል ገባች። ክርክሩን ስታነቢ የፋብሪካዋን ልጅ አትርሺ፤ በራሷ ገቢ የምትኖር፣ ገቢዋን ግን አባቷ የፈረመባት ሴት ከሦስቱ ለየትኛዋ ትመልሳለች?

የሕጉን ክብደት ለማየት ከፈለግሽ ደግሞ የራይቾን የራሷን መዝገብ ተመልከቺ። ከ1914 ጀምሮ ከሠዓሊው ኦኩሙራ ሂሮሺ ጋር ኖራለች፣ ሁለት ልጆችም ወልደዋል፤ ጋብቻውን ግን አላስመዘገበችም። ብታስመዘግብ አንቀጽ 14 ይደርስባታልና ልጆቿን በራሷ መዝገብ ነው ያስገባቻቸው። ያስመዘገበችው በ1941 ነው። ወንድ ልጇ ለውትድርና የሚጠራበት ጊዜ ደርሶ ነበር፣ መዝገቡ ላይ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ተብሎ መጻፉ በሠራዊቱ ውስጥ እንዳይጎዳው ሰጋች።